ሪኬሾ፦ የማካውያን የቤት ምግብ ከካዚኖዎቹ ርቆ

በቻይና ጠረፍ የምትገኘው ማካው ስትነሳ ቀድሞ ወደ ሐሳብ የሚመጣው ካዚኖ ነው፤ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2006 በቁማር ገቢ ላስ ቬጋስን ከበለጠች ወዲህ፣ ከአንድ ሆቴል ሳይወጣ በልቶና ተኝቶ የሚመለሰው እንግዳ ብዙ ነው። እኔም አንድ ምሽት ከትልልቆቹ ሆቴሎች በአንዱ እራቴን በላሁ፤ አዳራሹ ያማረ፣ መስተንግዶው የተሟላ ነበር፤ ዶሮው ግን ለዛ የለውም፣ ሂሳቡም ኪስ ያራቁታል።

በሲዶኒዮ ፓይስ ጎዳና የሚገኘው ሪኬሾ ምግብ ቤት ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። የቤቱ መሥራች ወይዘሮ አይዳ ደ ዤዙሽ እ.ኤ.አ. በ2021 በ105 ዓመታቸው እስካረፉ ድረስ የማካውያን ምግብ ጠባቂ ተደርገው ሲከበሩ የኖሩ ሴት ናቸው። ማካውያን የሚባሉት እ.ኤ.አ. ከ1557 ጀምሮ በስፍራው የሰፈሩት ፖርቱጋሎች ከቻይናውያን፣ ከማሌዥያዋ ማላካና ከህንዷ ጎዋ ሰዎች ጋር ተጋብተው የወለዷቸው ናቸው፤ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1999 ለቻይና ከተመለሰች በኋላ ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ፣ ምግባቸውን በየዕለቱ አብስሎ የሚያቀርብ ቤት መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ቤቱ ጌጥ አያበዛም፤ ሰው የሚመጣው ለምግቡ ነው።

አብዛኛው እንግዳ በስሙ ተስቦ «የአፍሪካ ዶሮ» የተባለውን ያዛል። የተጠበሰው ዶሮ የሚለብሰው ወፍራም ስጎ ከኮኮናት፣ ከለውዝ፣ ከነጭ ሽንኩርትና የፖርቱጋል መርከበኞች ከአፍሪካ ጠረፍ ይዘውት ከዞሩት ሚጥሚጣ መሰል ቃሪያ የተሠራ ነው። ለውዙ ቀድሞ ይጣፍጣል፣ ቃጠሎው ዘግይቶ ይመጣል፤ በርበሬ ለለመደ አፍ ግን ለስላሳ ነው። ጥሩ ምግብ ነው፤ ሆኖም እኔ የማስቀድመው ሚንቺን ነው። ምንቸት አብሽ የለመደ ሰው ከተፈጨ ሥጋ መረቅ ይጠብቅ ይሆናል፤ ሚንቺ ግን ደረቅ ነው። በሽንኩርትና በአኩሪ አተር ስጎ የጠቆረው ሥጋ በትንንሹ ተከትፎ ከተጠበሰ ድንች ጋር ይደባለቅና ሩዝ ላይ ይደረጋል፤ ከላይ የሚቀመጠው እንቁላል አስኳሉ ሲፈነዳ ጨዋማውን ሥጋ ያለሰልሰዋል፣ ድንቹ ግን እስከ መጨረሻው ጉርሻ ድረስ አፍ ውስጥ ይንኮሻኮሻል። የማካው ልጆች ያደጉበት ይህ ምግብ ምንም ጌጥ ሳያስፈልገው ሆድንም ልብንም ያጠግባል።

ለሀገሬ ሰዎች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሚንቺ ብዙ ጊዜ የሚሠራው የበሬና የአሳማ ሥጋ ተቀላቅሎ ነው፤ «ታቾ» የሚባለው ወፍራም ወጥማ ያለ አሳማ አይታሰብም። ስለዚህ ሙስሊምም ሆነ ኦርቶዶክስ የሆነ እንግዳ ከማዘዙ በፊት ይጠይቅ። ለጾመኛ ደግሞ የማካው ገበታ አይመችም፤ በጨው የደረቀው የኮድ ዓሣ እንኳን ብዙ ጊዜ ከእንቁላል ወይም ከክሬም ጋር ነው የሚቀርበው። ለመክፈያ የማካው ገንዘብ የሆነው ፓታካ ከሌለዎት የሆንግ ኮንግ ዶላር በከተማዋ በብዛት ይሠራል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ግን ሰው ሳይበዛ ቀደም ብሎ መድረስ ይሻላል።