በቃሊቲና በገላን ዙሪያ ለሚቀርበው «ነዳጅ ቆጣቢ ታይሚንግ» ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት

ከቃሊቲ እስከ ገላን ባለው መንገድ ዳርና በየውስጥ ሰፈሩ የሚሠሩ አንዳንድ መካኒኮች፣ የቆዩ መኪኖች ላሏቸው ሰዎች «ታይሚንጉን (ካንዴላው ብልጭታ የሚሰጥበትን ጊዜ) አስተካክለን የነዳጅ ፍጆታውን እንቀንስልዎታለን» የሚል አገልግሎት እያቀረቡ ነው። ሥራው ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፤ የሚጠየቀው ክፍያ ግን በሺህ የሚቆጠር ብር ነው። የነዳጅ ዋጋ በተወደደበት በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለውን ቃል ሰምቶ መኪናውን የሚያቀርብ ሰው ብዙ በመሆኑ፣ በቤተሰባችን መኪና ላይ የደረሰውንና ስለ ሥራው መታወቅ የሚገባውን ለማሳወቅ ይህን ጽፌአለሁ።

የታላቅ ወንድሜ መኪና በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ የተሠራች፣ ፎር ኤ ኤፍ ኢ የተባለው ሞተር ያላት ቶዮታ ኮሮላ ናት። መካኒኩ ሞተሩን አስነሥቶ ብልጭታውን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተሩን ብሎኖች አላላ፤ ዙሩ እስኪጨምርና ድምፁ እስኪጠራ ድረስ ዲስትሪቢዩተሩን በእጁ አዞረ፤ ከዚያም ብሎኖቹን አጥብቆ ሥራው መጠናቀቁን ተናገረ። ምንም ዓይነት መለኪያ አልተጠቀመም። መኪናዋ በከተማ ውስጥ ቀልጠፍ ያለች ስለመሰለች ክፍያው ያለ ቅሬታ ተፈጸመ። ወደ አዋሽ በተደረገው ጉዞ ግን አዳማን ካለፈች በኋላ ጭነት ይዛ ዳገት በወጣች ቁጥር ሞተሩ የብረት ኳኳታ ያሰማ ጀመር፤ የሙቀት መለኪያውም ከተለመደው ቦታ ከፍ አለ። በኋላ በሌላ ጋራዥ በታይሚንግ መብራት (ካንዴላው ብልጭታ በሰጠ ቁጥር ብልጭ እያለ ጊዜውን በሚያሳይ መለኪያ) ሲለካ፣ መነሻው ፒስተኑ ከፍተኛው ቦታ ላይ ከመድረሱ 10 ዲግሪ የሞተር ዘንግ ዙር ቀደም ብሎ ሊሆን የሚገባው ብልጭታ ወደ 20 ዲግሪ ተጠግቶ ተገኘ።

የቤንዚን ሞተር ካንዴላ ብልጭታውን የሚሰጠው ፒስተኑ ከፍተኛው ቦታ ላይ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ ምክንያቱም የቤንዚንና የአየሩ ድብልቅ ተቃጥሎ ሙሉ ግፊቱን እስኪፈጥር ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። ብልጭታው ከሚገባው በላይ ከቀደመ ግፊቱ ገና ወደ ላይ በመውጣት ላይ ያለውን ፒስተን ይቃወማል፤ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ይህ ሳይታረም ከቆየም ፒስተኑን፣ ፋሻዎቹንና የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ይጎዳል። ከዘገየ ደግሞ ጉልበት ይቀንሳል፤ ነዳጅ ይባክናል፤ የጭስ ማውጫው ከመጠን በላይ ይግላል። ችግሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ)፣ ያለ ጭነት የሚሠራ ሞተር ብልጭታው ሲቀድም ዙሩ የሚጨምርና ድምፁ የሚያምር መሆኑ ነው። ማንኳኳቱ የሚመጣው በጭነትና በዳገት ላይ ስለሆነ፣ የቱንም ያህል ልምድ ያለው ጆሮ በቆመ መኪና ላይ ሊሰማው አይችልም። እንዲህ የተስተካከለ ሞተር ለደንበኛው የተሻሻለ የሚመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በአዲስ አበባ ይህ ስሕተት ከሌላው ቦታ በበለጠ ተደብቆ ይቆያል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ወደ ሲሊንደር የሚገባው አየር ሲያንስ የሚፈጠረው ግፊትም ስለሚያንስ፣ ብልጭታው የቀደመበት ሞተር እዚህ ሳያንኳኳ ሊቆይ ይችላል። ያው መኪና 1,700 ሜትር አካባቢ ወዳለችው አዳማ፣ ከዚያም ከ1,000 ሜትር በታች ወዳለችው አዋሽ ሲወርድ ግን አየሩ ይወፍራል፤ ሙቀቱም ይጨምራል፤ ተደብቆ የቆየው ስሕተትም ከጋራዡ እጅግ ርቆ፣ ብዙውን ጊዜ መኪናው ሰውና ዕቃ በጫነበት ሰዓት ይወጣል። ከዚህ አካባቢ ተነሥተው በዚያ መስመር የሚመላለሱ ሰዎች ብዙዎች በመሆናቸው፣ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

እንደ ወንድሜ ኮሮላ ያሉ በኮምፒዩተር የሚመሩ ሞተሮች ሌላም ቅድመ ሁኔታ አላቸው። ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ብልጭታውን የሚያስቀድመውና የሚያዘገየው ኮምፒዩተሩ ስለሆነ፣ መነሻውን ለመለካት መጀመሪያ ኮምፒዩተሩ ከዚህ ሥራው እንዲያርፍ መደረግ አለበት። በፎር ኤ ኤፍ ኢ ላይ ይህ የሚደረገው በኮፈኑ ሥር ባለውና «ዲያግኖሲስ» ተብሎ በተጻፈበት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ያሉትን ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉ ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ በማገናኘት ነው። ሽቦው በትክክል መግባቱን እርስዎም ማየት ይችላሉ፤ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ሲከፈት በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል። ከዚያ በኋላ በሞቀ ሞተር በሚኒሞ ሲለካ በክራንክ ፑሌጃው (በሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ባለው መዘውር) ላይ ያለው ምልክት 10 ዲግሪ ላይ መቆም አለበት፤ ሽቦው ሲወጣ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ሥራውን ስለሚረከብ ምልክቱ ከቦታው ይነሣል። ይህን ሳያደርግ ዲስትሪቢዩተሩን የሚያዞር ሰው፣ መብራት ቢይዝ እንኳ የሚያየው መነሻውን አይደለም።

ቪትዝና እሱን የመሰሉ በየካንዴላው የራሱ ቦቢና (ለብልጭታው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚፈጥር ጥቅል) ያላቸው መኪኖች ደግሞ የሚዞር ዲስትሪቢዩተር ጭራሽ የላቸውም። ለእነዚህ መኪኖች «የብልጭታውን ታይሚንግ አስተካክያለሁ» ብሎ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ያልሠራውን ሥራ እየሸጠ ነው።

ስለዚህ ቁልፍ ብሎን ላይ ከመዋሉ በፊት መካኒኩን የታይሚንግ መብራት እንዳለውና የመኪናዎ መነሻ ዲግሪ ስንት እንደሆነ ይጠይቁት። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ወይም በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ካርቡራተር ባላቸውና የቫኩም ቱቦ ከዲስትሪቢዩተሩ ጋር በተያያዘባቸው መኪኖች ላይ በሚለካበት ጊዜ ቱቦው ተነቅሎ መደፈን እንዳለበት መመሪያው የሚያዝ ከሆነ ይህም መደረጉን ይመልከቱ። መብራቱ ከአንደኛው (ቁጥር 1) ሲሊንደር የካንዴላ ገመድ ጋር ተያይዞ ወደ ክራንክ ፑሌጃው ሲበራ ምልክቱን በዓይንዎ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፤ ነገር ግን በዚህ ብርሃን የሚዞረው ቬንትላተርና ቺንጊያ የቆሙ ሊመስሉ ስለሚችሉ እጅዎንና ልብስዎን ያርቁ። ብሎኖቹ ከጠበቁ በኋላም ልኬቱ መደገም አለበት፤ ሲጠብቁ ዲስትሪቢዩተሩ ሊንቀሳቀስ ይችላልና። ዲስትሪቢዩተሩ እስከ መጨረሻው ዞሮ ምልክቱ አሁንም ቦታው ካልደረሰ፣ ምናልባት የታይሚንግ ቺንጊያው ጥርስ ዘሏል፣ ወይም በጎማ የተያያዘው የፑሌጃው የውጭ ቀለበት ተንሸራትቷል፤ ይህን ሳያጣራ «በቃ፣ ተስተካክሏል» የሚልን ሰው አይመኑ።

ላዳ የሚነዱ ወገኖች በተለይ ፑንቲናውን (በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን የሚያስነሣውን ክፍል) አስቀድመው ያስለኩ። ክፍተቱ ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር መሆን ያለበት ሲሆን፣ ሲጠብ ብልጭታው ይዘገያል፣ ሲሰፋ ይቀድማል፤ በመሆኑም ታይሚንጉ ከተስተካከለ በኋላ ፑንቲናውን የሚነካ መካኒክ የመጀመሪያውን ሥራ አበላሽቶታል ማለት ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በአገልግሎቱ ምክንያት ጉዳት ሲደርስበትም ካሣ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህን መብት ለመጠቀም ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ወንድሜ ደረሰኝ ስላልተሰጠው አቤቱታው ብዙ ሊራመድ አልቻለም። በደረሰኙ ላይ የተሠራው ሥራ ምን እንደሆነ፣ ከሥራው በፊትና በኋላ የተለካው ዲግሪ ስንት እንደነበረ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ፤ ይህን ለመጻፍ ፈቃደኛ ላልሆነ ሰው ክፍያ አይፈጽሙ።

በቅርቡ መኪናዎን በጆሮ ብቻ ያስተካከሉልዎት ከሆነ፣ ወደ አዳማም ሆነ ወደ ሌላ ቆላ ቦታ ከመውረድዎ በፊት የታይሚንግ መብራት ባለው ጋራዥ ያስለኩት። በመንገድ ላይ ማንኳኳት ከጀመረም ነዳጁን ረገብ አድርገው ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ይቀይሩ፤ ጭነት ካለ ይቀንሱ፤ ሳይለካም ረጅም ዳገት አይውጡበት።