ጋንዳም፦ 43ቱ ክፍሎች ወይስ ሦስቱ ፊልሞች?

የመጀመሪያውን ጋንዳም (ስለ ሮቦቶች ጦርነት የሚተርከውን የጃፓን አኒሜሽን) ለማየት ሁለት መንገድ አለ፤ ከ1979 እስከ 1980 በጃፓን ቴሌቪዥን የታዩት 43 ክፍሎች፣ ወይም ከእነሱ ተቀናብረው በ1981 እና በ1982 ሲኒማ ቤት የገቡት ሦስት ፊልሞች። የሁለቱም ዳይሬክተር ዮሺዩኪ ቶሚኖ ነው፤ ታሪኩም ያው፦ የምድር ፌዴሬሽንና ነጻነቱን ያወጀው የጠፈር ሰፈራ ዚዮን ሲተላለቁ አሙሮ ሬይ የተባለ ልጅ ሳያስበው ግዙፍ ሮቦት ውስጥ ገብቶ ይዋጋል።

በሥዕል ፊልሞቹ ይበልጣሉ፣ በተለይ ሦስተኛው። ተከታታዩ እየተሠራ ሳለ የገጸ ባሕርያቱ ነዳፊ ዮሺካዙ ያሱሂኮ ታምሞ ስለነበር በመጨረሻዎቹ ክፍሎች ሥዕሉ ይንገዳገዳል፤ ለሦስተኛው ፊልም ግን ተመልሶ ብዙውን ትዕይንት እንደ አዲስ ሠራው። ለአሻንጉሊት ገበያ ሲባል የገቡ አንዳንድ መሣሪያዎችም ከፊልሞቹ ወጥተዋል። (በሰንሰለት የሚወነጨፈው ባለ እሾህ የብረት ኳስ ግን፣ አስቂኝም ቢሆን፣ ይናፍቀኛል።)

እኔ የማደላው ወደ ተከታታዩ ነው። ፊልሞቹ ከውጊያ ወደ ውጊያ ይሮጣሉ፤ ተከታታዩ ግን ጦርነት የዕለት ኑሮ መሆኑን ለማሳየት ጊዜ አለው። በአንዱ ክፍል እነ አሙሮ የሚጓዙባት የጦር መርከብ ወጥ ቤት ጨው ያልቅበትና ያቺ ግዙፍ መርከብ ጨው ፍለጋ ትወጣለች! በ15ኛው ክፍል ደግሞ ዶአን የተባለ የዚዮን ወታደር ከድቶ በአንዲት ደሴት ላይ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ሲያሳድግ እናገኘዋለን። ሥዕሉ ከሁሉም የከፋው እዚህ ነው። ታሪኩ በፊልሞቹ ውስጥ ጨርሶ የለም፤ እኔ ግን ከሁሉም ደጋግሜ ያየሁት እሱን ነው።