ለጓሳ የመጀመሪያ ጉዞ ምን ልግዛ? የመነጽር፣ የጫማና የልብስ ንጽጽር

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ውስጥ ያሉ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። መንዝ ጓሳ ወጥተን ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ማየት እንፈልጋለን፣ ብራችን ግን ትንሽ ነው፣ ምን እንግዛ? ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ባጭሩ ልመልስ፦ ገንዘባችሁን ለዓይንና ለእግር አውጡ። ሙቀቱን መንዝ ራሱ በባናው፣ በሱፍ ብርድ ልብሱ፣ ይሰጣችኋል።

ቦታውን ለማታውቁት፣ ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምርና እስከ 3,700 ገደማ ይወጣል። የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ጠብቆ ያቆየው መሬት ነው። ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጠዋት ጉም ከቆላው በኩል ተንከባሎ ይመጣና አጠገባችሁ ያለውን የጅብራ ተክል እንኳ ይሸፍነዋል። እቃችሁን ስትመርጡ ይህን አስቡ።

ከመነጽር ልጀምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው።

ገበያ ላይ በብዛት የምታገኙት አራት ዓይነት የርቀት መነጽር ነው። ኪስ የሚገባው 10×25፣ መካከለኛው 8×42፣ ትልቁ 10×50፣ እና ማጉላቱ ከፍና ዝቅ የሚለው፣ ዙም የሚባለው። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው። ሁለተኛው የፊት ሌንሱ ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ሻጩ ሁልጊዜ የሚያወራችሁ ስለ መጀመሪያው ነው። እናንተ ግን ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍሉት። ዓይናችሁ ጋ የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት እሱ ነው። 10×25 ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል፣ 8×42 ላይ 5.25፣ 10×50 ላይ 5። ቀትር ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታወቃችሁም። ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ ጉሙ ገና ሳይገፈፍ፣ በ10×25 የምታዩት ግን ጥላ ብቻ ነው።

ታዲያ 10×50 ለምን አልመርጥም? ብርሃኑ ጥሩ ነው፣ ዋጋውም አንዳንዴ ከ8×42 ይረክሳል። ግን ይከብዳል። አንገት ላይ ግማሽ ቀን ሲውል ታውቁታላችሁ። ደግሞም የእጃችሁን መንቀጥቀጥ አሥር እጥፍ ያጎላዋል፣ የጓሳ ነፋስ ደግሞ እጅ አያስቀምጥም። ከሁሉ በላይ የሚያሳያችሁ ሜዳ ይጠባል። ይሄ እዚያ ትልቅ ነገር ነው። ቀይ ቀበሮ ጓሳ ላይ የጭላዳ መንጋ መሀል ገብቶ ቀስ እያለ አይጥ ያድናል። እዚያው ጓሳ ላይ ተጠንቶ በፈረንጆቹ 2015 በወጣ ጽሑፍ፣ ቀበሮው መንጋው መሀል ሲሆን ካደረገው ሙከራ 67 በመቶው ተሳክቶለታል፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶው ብቻ። ስለዚህ አይናችሁ መንጋውን በሙሉ መያዝ አለበት። በጠባብ መነጽር አንድ ጭላዳ ሣር ሲነቅል እያያችሁ ቀበሮው ከጎኑ ያልፋችኋል። እኔ ምርጫዬ 8×42 ነው፣ ለጀማሪም ለቆየውም።

ዙሙን ተዉት። እኔ ራሴ መጀመሪያ የገዛሁት እሱን ነበር። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሦስት አሃዝ ነበር። ቤት ገብቼ የፊት ሌንሱን በማስመሪያ ስለካው የተጻፈውን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ተራራ ላይ ወጥቼ ሳጎላው ሁለቱ ዓይኖች ሁለት የተለያየ ነገር አሳዩኝ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ራሴን አመመኝ። ያን ቀን ያየሁትን ቀበሮ ያየሁት አብሮን የነበረው ስካውት (የቦታው ጠባቂ) የራሱን መነጽር አውሶኝ ነው። ሌንሱ እንደ መስታወት ቀይ የሚያብረቀርቀውንም እለፉት፣ ቀለሙን ያበላሸዋል፤ እናንተ ደግሞ የሄዳችሁት ቀይ አውሬ ለማየት ነው።

ሱቅ ውስጥ ሳትከፍሉ እንዲህ ፈትሹት። መነጽሩን ከፊታችሁ አንድ ክንድ አርቃችሁ ወደ ብርሃን ያዙና በዓይን በኩል ያለውን ነጭ ክብ እዩ። ሙሉ ክብ ከሆነ ፕሪዝሙ፣ ውስጥ ያለው ብርሃን አጣፊው ብርጭቆ፣ ጥሩ ነው። ጠርዙ አራት ማዕዘን መስሎ ግራጫ ጥላ ካለው ርካሽ ብርጭቆ ነው። ከዚያ ወደ ደጅ ውጡና የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ ያለውን መስቀል እዩ። ዙሪያው ወይን ጠጅ መስመር በዝቶ ከታያችሁ አትግዙ። የቀኝ ዓይን ማስተካከያውን አሽከርክሩት፣ ላላ ካለ መንገድ ላይ እየዞረ ያስቸግራችኋል። የዓይን መነጽር የምታደርጉ ከሆነ የርቀት መነጽሩ የዓይን ጎማ መታጠፉን እዩ። ሻጩ ወደ ደጅ አታውጣ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

አሁን ጫማ። ሦስት ምርጫ አለ፦ አዲስ ርካሽ የተራራ ጫማ መሳይ፣ የቦንዳ የቆዳ ቦት፣ እና የጎማ ቦት።

የጓሳ ሣር ጉቻ ጉቻ ሆኖ ነው የሚበቅለው። ጤዛውን እስከ ረፋድ ይዞት ይቆያል። መሬቱ ስፖንጅ ይመስላል፣ በየቦታው የአይጥ ጉድጓድ አለ። ስለዚህ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ ያስፈልጋችኋል። አዲሱ ርካሽ ጫማ መልኩ ያምራል፣ ግን ሶሉ በማስቲሽ ብቻ የተያዘ ነው፣ እርጥበት ሲያገኘው ይከፈታል። የቦንዳው ቦት በዚያው ዋጋ ወይም ባነሰ ይገኛል፣ ቆዳውም እውነተኛ ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ለስላሳው የመሀል ሶል ሳይለበስም በዕድሜ ይፈረካከሳል። ጥፍራችሁን ሰክታችሁ ተጫኑት። እንደ ደረቅ ዳቦ ከፈረፈረ መልሱት። ጤነኛ ከሆነ ጫማ ሰፊ ጋ ዙሪያውን አሰፉት፣ ከመሄዳችሁ ሁለት ሳምንት በፊትም ሰፈር ውስጥ እያደረጋችሁ አላምዱት። የጎማ ቦት ለክረምት ረግረግ ጥሩ ነው፣ ረጅም መንገድ ላይ ግን ተረከዝ ይልጣል።

ልብስ ላይ ብዙዎቻችሁ ተሳስታችኋል፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ባለ ላባ ጃኬት ለመግዛት ወር ሙሉ ገንዘብ የሚያጠራቅም ልጅ አውቃለሁ። ጃኬቱ ሲደርቅ ቀላልና ሙቅ ነው፣ እውነት ነው። ሲረጥብ ግን ላባው ተጣብቆ ሙቀቱ ያልቃል። ጋቢም ጥጥ ስለሆነ ከረጠበ ይበርዳል፣ እሱን ለማታ ቤት ውስጥ አስቀምጡት። የመንዝ ባና ግን የበግ ጠጉር ነው። ጉም ቢያርሰው ውሃው ላዩ ላይ ጠብ ጠብ ብሎ ይቀመጣል፣ ስታራግፉት ይረግፋል፣ ውስጡ ሙቀቱን አይለቅም። ይከብዳል፣ አልክድም፣ አዲስ ሲሆንም ይኮሰኩሳል። ግን ቀበሮ መጠበቅ ማለት ሁለት ሰዓት አንድ ቦታ መቀመጥ ነው፣ ለመቀመጥ ከባና የሚሻል አላየሁም። እየሄዳችሁ ለመልበስ የቦንዳ ሱፍ ሹራብ፣ ከላዩ ነፋስ የማያስገባ ቀጭን ጃኬት፣ በቃ። የባናው ገንዘብ ደግሞ ፈትላ ለሸጠችው እናት ነው የሚደርሰው።

የወታደር መልክ ያለው ልብስ በፍጹም አትልበሱ። መታወቂያ ያዙ፣ መነጽር ይዞ የሚሄድ ሰው ኬላ ላይ ይጠየቃል። ከመነሣታችሁ በፊትም የመንገዱን ሁኔታ በጓሳ አቅራቢያ ባለችው መሐል ሜዳ ከተማ ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።

ድንኳን አትግዙ። ለመጀመሪያ ጊዜ የማኅበረሰቡ ሎጅ ይበቃችኋል፣ ካልሆነም ተከራዩ። ባትሪ ግን የግንባሩን ውሰዱ እንጂ የእጁን አይደለም፣ ሌሊት ወደ ደጅ ስትወጡ ሁለት እጅ ያስፈልጋችኋል፣ አንዱ ባናውን ይይዛል።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ለሁለት ተዋጡና አንድ 8×42 ግዙ፣ ጫማውን ከቦንዳ፣ ባናውን ከቤተሰብ ተዋሱ። ጉቻው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንዱ በመነጽር መንጋውን ሲያይ ሌላው በባዶ ዓይኑ ዳር ዳሩን ይጠብቅ፣ ቀይ ነገር ሲንቀሳቀስ መጀመሪያ የሚያየው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።