የማጠናከሪያ ትምህርት ማዕከል ግምገማ፦ ኩረጃን ከምንጩ ለማድረቅ የሚደረግ ጥረት በቱሉ ዲምቱ

ይህ ግምገማ በደቡባዊው የአዲስ አበባ ዳርቻ፣ የአዳማ ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ከቱሉ ዲምቱ ብዙም ሳይርቅ፣ በኮንዶሚኒየም ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ስለሚሠራ አንድ የማጠናከሪያ ትምህርት ማዕከል ነው። ማዕከሉ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችን ከመደበኛው ትምህርት ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ጠዋት ያስተምራል። ሴት ልጄ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሒሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ እየተከታተለችበት ነው። ስሙን ያልጠቀስኩት ጽሑፉ ማስታወቂያ እንዳይመስል ብዬ ሲሆን፣ የአካባቢው ነዋሪ ከምገልጸው አሠራር ለይቶ ለማወቅ አይቸገርም።

ልጁን ለማስመዝገብ የሚያስብ ወላጅ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፣ ማዕከሉ ውጤት በአጭር ጊዜ ከፍ አደርጋለሁ ብሎ ቃል የማይገባ መሆኑን ነው። በምዝገባ ዕለት በቃልም በጽሑፍም የሚነገረው ዋናው ውል ኩረጃን የሚመለከት ነው። ሲኮርጅ የተገኘ ተማሪ ወላጁ ይጠራል፤ ሆኖም ወረቀቱ አይቀደድም፣ እሱም አይባረርም። በዚያው ሳምንት ያንኑ ርዕስ እንደገና ተምሮ ለብቻው ይፈተናል። የማዕከሉ ኃላፊ እንዳስረዱኝ፣ ተማሪው አንገቱን ወደ ጎረቤቱ ያዞረበት ጥያቄ ያልገባውን ትምህርት በትክክል ስለሚያመለክት፣ ቅጣቱ ያንን ካልሸፈነ በቀር ተማሪው የሚማረው ሳይታይ መኮረጅን ብቻ ነው። ይህን አባባል ሙሉ በሙሉ እቀበለዋለሁ።

የቅዳሜው ፈተና የዚህ አሠራር ልብ ስለሆነ በዝርዝር መግለጽ ይገባኛል። ጥያቄዎቹ ከአሥራ አምስት አይበልጡም፤ ወረቀቱም የጥያቄዎቹና የምርጫዎቹ ቅደም ተከተል በተቀያየረባቸው ሦስት ኮዶች ይታተማል። ስለዚህ አንዱ ተማሪ «ኤ» ለማለት ጆሮውን፣ «ቢ» ለማለት አገጩን ቢነካ፣ ምልክቱ አጠገቡ ላለው ልጅ ምንም አይፈይድለትም። ኮድ ማቀያየር በብሔራዊ ፈተናም የታወቀ ነው፤ ማዕከሉን የሚለየው ግን በእያንዳንዱ ምርጫ ሥር የተተወው የሁለት መስመር ባዶ ቦታ ነው። ተማሪው ያንን መልስ ለምን እንደመረጠ እዚያ ላይ ይጽፋል። መልሱ ትክክል ሆኖ ምክንያቱ ባዶ ከሆነ ዜሮ ይሰጠዋል፤ መልሱ ተሳስቶ የተከተለው መንገድ የሚያስኬድ ከሆነ ደግሞ ግማሽ ነጥብ ያገኛል።

አንዱን ወረቀት ልጄ ቤት ይዛው ስትመጣ አይቼዋለሁ። ጥያቄው ቀጥ ብላ ወደ ላይ የተወረወረች ኳስ የመጨረሻው ከፍታ ላይ ስትደርስ አክስለሬሽኗ፣ ማለትም ቬሎሲቲዋ (ፍጥነቷ) የሚለወጥበት መጠን፣ ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። ልጄ «ዜሮ» የሚለውን መርጣ፣ «እዚያ ላይ ለአፍታ ስለምትቆም» የሚል ምክንያት ጽፋለች። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ «ቬሎሲቲው ዜሮ መሆኑ ልክ ነው፤ የመሬት ስበት ግን እዚያ ላይ ሥራውን አቆመ?» ብሎ ጽፎበት ግማሽ ነጥብ ሰጥቷታል። ምክንያት በማይጠየቅበት ተራ ፈተና ላይ ከጎኗ ካለው ወረቀት ትክክለኛውን መልስ፣ 9.8 የሚለውን ቁጥር፣ ገልብጣ ቢሆን ኖሮ ሙሉ ነጥብ ታገኝ ነበር፤ ቬሎሲቲንና አክስለሬሽንን የማምታታቷ ነገር ግን ማንም ሳያየው አብሯት ወደ 12ኛ ክፍል ይሻገር ነበር። ኩረጃ በተማሪው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ከዚህ የበለጠ ግልጽ አድርጎ ያሳየኝ ነገር የለም።

ወረቀቱ ከተሰበሰበ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት «የመረዳጃ ሰዓት» ይባላል። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ጥያቄዎቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሠራሉ፤ መምህሩም ከመካከላቸው እየዞረ ያዳምጣል። የዚህን ሰዓት ጥቅም የተረዳሁት ስለ ኩረጃ መንስኤ ደጋግሜ ሳስብ ነው። ልጆቻችንን ያላቸውን አካፍለው እንዲበሉ አድርገን እናሳድጋቸዋለን፤ ፈተና ክፍል ሲገቡ ደግሞ ወረቀታቸውን በክንዳቸው እንዲሸፍኑ እንጠብቃለን። የሸፈነው ልጅ በጓደኞቹ ዘንድ ስስታም ይባላል፤ ወንበር የሚጋራው ልጅም ለሳምንታት ያኮርፈዋል። በማዕከሉ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ካላሳየሁት እኮ ይቀየመኛል» ሲል መምህሩ «ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የምታውቀውን ሁሉ አስረዳው፤ እስከዚያ ግን ለብቻው ይሞክር» ብሎ ሲመልስለት ሰምቻለሁ። ልጁን ራስ ወዳድ እንዲሆን አላስገደደውም፤ ደግነቱን የሚያውልበት ሰዓት ሰጠው። ብዙዎቹ ታዳጊዎች የሚያስኮርጁት በይሉኝታ ነው፤ ይሉኝታን ደግሞ በዛቻ ብቻ ማሸነፍ አይቻልም።

የአዋቂዎቹ ጉዳይ ግን ከይሉኝታ ጋር አይገናኝም። በቴሌግራም «የዘንድሮ ፈተና በእጃችን ነው» እያሉ ከተማሪዎች ገንዘብ የሚሰበስቡ፣ ለዚህም ብር የሚልኩ ወላጆች፣ ስማቸው እንዳይጎድፍ ብለው መልስ በክፍል ውስጥ ሲዞር አይተው እንዳላዩ የሚያልፉ ፈታኞች ጥፋታቸው ከተማሪው ጥፋት እጅግ ይከብዳል። እኛው ሰፈር ያለ ሌላ አስጠኚ ድርጅት ልጄን ለማስመዝገብ በሄድኩ ጊዜ «የሚወጣውን እናውቃለን» ብሎ ሊያግባባኝ ሞክሯል። ይህን የሚል ድርጅት እውነቱን ከሆነ ሌባ ነው፤ ካልሆነም አታላይ ነው። የተጎዳው ሰው በዓይን አለመታየቱ ነገሩን ቀላል ያስመስለዋል እንጂ፣ የዩኒቨርሲቲ ቦታ ውስን እስከሆነ ድረስ በኩረጃ የተያዘ ወንበር በሐቅ ከሠራ ተማሪ የተነጠቀ ነው።

በአገር ደረጃ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጭቶ ፈተናው ተቋርጦ ነበር። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ሲደረግ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ደረሱ። የቁጥሩ ማደግ ደስ ያሰኛል፤ ይሁን እንጂ ጥበቃው ኩረጃን የሚያግደው በፈተናው ቀናት ሲሆን፣ ልማዱ የሚገነባው ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት በየክፍሉ በሚሰጡ ትንንሽ ፈተናዎች ነው። ማዕከሉን ያደነቅሁት ሥራውን እዚያ ላይ ስለጀመረ ነው።

የቋንቋው ችግርም ሊነሳ ይገባዋል። በአዲስ አበባ በአማርኛ የሚማር ልጅ እስከ 6ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተምሮ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንሱንም ሒሳቡንም በእንግሊዝኛ ይቀበላል። ጥያቄው ራሱ ያልገባው ተማሪ ሰነፍ ሳይሆን የጎረቤቱን ወረቀት ያያል። ማዕከሉ ፊዚክስን መጀመሪያ በአማርኛ አስረድቶ፣ ቀጥሎ የእንግሊዝኛውን ጥያቄ ቃል በቃል እያፈረሰ ያስተምራል። በልጄ ላይ ጉልህ ለውጥ ያየሁትም በዚህ ነው።

ቅሬታዬ አንድና ከባድ ነው። በመግቢያው ግድግዳ ላይ የተማሪዎች ስም ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በየሳምንቱ ይለጠፋል። መጨረሻ ላይ ስሙን የሚያይ ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ ማንኛውንም መንገድ ለመሞከር ይገፋፋል፤ ስለዚህ ውስጥ የሚገነባውን በር ላይ ያፈርሱታል ማለት ነው። ኃላፊው ወላጆች ስለሚጠይቁ ነው ብለው መልሰውልኛል። ወላጆች ብንጠይቅም እንኳ ሊነሳ ይገባዋል፤ ውጤቱ ለእያንዳንዱ ወላጅ በስልክ ቢላክ ማንም አይጎዳም።

ሌላው አነስ ያለ ጉድለት ነው። የሚባዙት ወርክሺቶች ቀለማቸው ስለሚደበዝዝ ሥዕሎቹ አይለዩም። መብራት ሲጠፋ ምድር ቤቱ ይጨልማል፤ ጄኔሬተርም የለም። የፊዚክስ መምህሩ በዓመቱ አጋማሽ ተቀይሮ ለጥቂት ሳምንታት ክፍተት ተፈጥሮ ነበር፤ አሁን ያለው መምህር ግን ጥሩ ነው። ክፍያው ለአንድ የትምህርት ዓይነት የቤት ለቤት አስጠኚ ከሚጠይቀው ከግማሽ በታች ሲሆን፣ ሁለት ልጆች ላስመዘገበ ወላጅ ቅናሽ አለው። በአንድ ክፍል የሚቀመጡት ተማሪዎች ከሃያ ስለማይበልጡ መምህሩ ሁሉንም በስማቸው ያውቃቸዋል።

ለቱሉ ዲምቱ፣ ለኮዬ ፈጬና ለገላን ነዋሪዎች ማዕከሉን ያለማመንታት እመክራለሁ። ምዝገባው ነሐሴ ውስጥ ስለሚሞላ ቀደም ብሎ መሄድ ያስፈልጋል፤ ወላጅ ከመክፈሉ በፊት አንድ ቅዳሜ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ፈተናውንና የመረዳጃ ሰዓቱን እንዲከታተል ይፈቀድለታል።