የቤተ መጻሕፍት ሲስተም ልትገዙ ነው? ሳትፈርሙ ይህን አንብቡ

ይህን የምጽፈው ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ በትምህርት ቤትና በኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ለምትሠሩ ነው። ቼክ ለምትፈርሙ ርዕሳነ መምህራንና የፋይናንስ ሰዎች ደግሞ በተለይ። «ቤተ መጻሕፍታችሁን ዘመናዊ እናድርግላችሁ» የሚሉ ሻጮች በየግል ትምህርት ቤቱ እየዞሩ ነው። ደህና ሥራ የሚሠሩ አሉ። ለእኛ የደረሰን ግን ሌላ ዓይነት ነው።

ድርጅቱ «ራሳችን ያበለጸግነው ነው» ብሎ መጻሕፍትና ውሰት የሚመዘገብበት አንድ ሲስተም ሸጠልን። ማሳያው ያምራል። የትምህርት ቤቱ ዓርማ ተለጥፎበታል፤ ባርኮዱ ጢጥ ሲል መጽሐፉ ስክሪኑ ላይ ይመጣል። የመጀመሪያው ዓመት ዋጋም አያስደነግጥም ነበር። መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ያስገባነው እኛው ነን፣ በዚያ በድሬ ሙቀት። ሁለተኛው ዓመት ላይ «የላይሰንስ ማደሻ» የሚል የክፍያ መጠየቂያ መጣ፤ ከመጀመሪያው በብዙ ይበልጣል። ለምን ብለን ስንከራከር የሠራተኛ መግቢያው ተዘጋብን። የአድሚን ፓስወርዱ ድሮም እነሱ ጋ ብቻ ነበር። እሺ፣ መረጃችንን ስጡን አልን። ፒዲኤፍ ላኩልን። አቦ፣ የመጽሐፍ ዝርዝር በፒዲኤፍ ምን ይሠራል? አትሞ ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ ካልሆነ በቀር።

የአይሲቲ መምህራችን ነው ነገሩን ያወቀው። ተማሪዎች መጽሐፍ የሚፈልጉበት ገጽ ገና ክፍት ነበርና የገጹን ኮድ ከፍቶ አየ። ኮሃ የሚለው ስም እዚያው ቁጭ ብሏል።

ኮሃን ለማታውቁት፦ ኒውዚላንድ ውስጥ የሆሮዌኑዋ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1999 አሠርቶት በ2000 መጀመሪያ ሥራ ላይ ያዋለው ሶፍትዌር ነው። ካታሎግ፣ ውሰት፣ የተጠቃሚ ምዝገባ፣ የመጽሐፍ ግዢ ሁሉ አለው። ጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ ስለወጣ ማንም አውርዶ ይጭነዋል፣ እንደፈለገ ይቀይረዋል። ለላይሰንስ የሚከፈል ሳንቲም የለም። ስለዚህ የሚታደስ ላይሰንስም የለም።

ሰው አይክፈል ማለቴ ግን አይደለም። ኮሃን በሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ግን ነፃ የሆነ የኮምፒውተር ሥርዓት) ላይ መጫን፣ ማስተካከል፣ ሠራተኛ ማሠልጠን፣ ሲበላሽ መጥቶ ማየት ሥራ ነው፤ ባለሙያው ሊከፈለው ይገባል። በነፃ ሶፍትዌር ላይ አገልግሎት መሸጥም ሕጋዊ ነው። ወንጀሉ የሌላውን ሥራ የኔ ነው ማለትና መረጃችሁን መያዣ አድርጎ ገንዘብ መጠየቅ ነው። የክፍያ መጠየቂያው ላይ «ጥገናና ድጋፍ» ቢል ተደራድረን እንከፍል ነበር።

የቀረበላችሁ ኮሃ መሆኑን ካወቃችሁ ደግሞ ሥሪቱን (ቨርዥኑን) ጠይቁ። በሠራተኛው ገጽ ውስጥ ስለ ሶፍትዌሩ የሚናገር ክፍል አለ፤ ቁጥሩ እዚያ ተጽፏል። አዲስ ሥሪት በዓመት ሁለቴ፣ በሜይና በኖቬምበር ይወጣል፤ ቁጥሩም ዓመቱንና ወሩን ነው የሚናገረው። 19.05 ካለ እ.ኤ.አ. የ2019 ሜይ ነው። የዚያን ዘመን ሥሪት ዛሬ «አዲስ» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ሻንጣውን ይዞ ይመለስ።

ትልልቆቹን የውጭ ሲስተሞች ብንገዛ ይሻላል የሚሉም አሉ። እዚያም ቢሆን ሻጩ ቋሚ አይደለም። ፕሮኩዌስት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 የቤተ መጻሕፍት ሲስተም ሻጩን ኤክስ ሊብሪስን ገዛ። ኤክስ ሊብሪስ በ2020 ሌላውን ሻጭ ኢኖቬቲቭን ጠቀለለ። በ2021 መጨረሻ ደግሞ ክላሪቬት የተባለ ኩባንያ ራሱን ፕሮኩዌስትን ገዛው። ከአንዱ ጋር የተዋዋለ ቤተ መጻሕፍት ሳያስበው የሌላው ደንበኛ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። አካሄዱም አንዴ ገዝቶ ከመያዝ ወደ ዓመታዊ ኪራይ፣ ከራስ ሰርቨር ወደ ክላውድ (በኢንተርኔት ወደሚገባበት የሻጩ ሰርቨር) ዞሯል። ክላውድ በራሱ ክፉ አይደለም። ኢንተርኔቱ በጠፋ ቁጥር ግን የውሰት ጠረጴዛው ይቆማል፤ የድሬን ኔትወርክ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ሻጭ ይቀያየራል፣ ሶፍትዌርም ያረጃል። እናንተ ጋ መቅረት ያለበት መረጃው ነው። ውሉ ላይ ሊጻፍ የሚገባውም እሱ ነው።

የመጽሐፍ መረጃ ከአንዱ ሲስተም ወደ ሌላው የሚተላለፍበት ማርክ የሚባል ቅርጽ አለ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጀመረው ነው፤ እስካሁን አብዛኛው ቤተ መጻሕፍት የሚነጋገረው በእሱ ነው። ስለዚህ «መረጃውን በኤክሰል እንሰጣችኋለን» ሲሏችሁ እሺ አትበሉ። ሙሉውን በማርክ ፋይል ጠይቁ። ኮሃ ከሆነ የእያንዳንዱ ቅጂ ባርኮድና የመደርደሪያ ቁጥር በፋይሉ ውስጥ 952 በተባለው መስክ ላይ ይቀመጣል። እሱ ከጎደለ ርዕሱ ይመጣል እንጂ የትኛው ባርኮድ የትኛው መጽሐፍ ላይ እንደተለጠፈ አታውቁም፤ ባርኮድ እንደገና መለጠፍ ነው። የተማሪዎቹ ስምና የውሰት ታሪክ ደግሞ በማርክ ፋይል ውስጥ አይገባም። ለእሱ የሙሉው ዳታቤዝ ቅጂ ያስፈልጋችኋል። ሁለቱንም ጠይቁ።

ወረቀት ላይ ቃል መግባት ብቻ አይበቃም። የመጨረሻው ክፍያ ሳይፈጸም አንዴ ፋይሉን አስወጡና በሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። ማርክኤዲት የሚባል በነፃ የሚወርድ ፕሮግራም ይከፍተዋል። ፋይሉ እንቢ ካለ ቼኩም ይቆይ።

በማሳያው ቀን የምትሞክሩት አንድ ነገር ልጨምር። ሻጩ ራሱ መርጦ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ እንዲፈልግላችሁ አትፍቀዱለት። እናንተ «ሐረር» ብላችሁ ጻፉ፤ ቀጥሎ «ሀረር» ብላችሁ ጻፉ። «ዓለም» እና «አለም»ንም ሞክሩ። የተለያየ ውጤት ከመጣ ተማሪው መደርደሪያ ላይ ያለውን መጽሐፍ የለም ብሎ ይሄዳል። ኮሃ ላይ ይህን ማስተካከል ይቻላል፤ ግን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። «በኋላ እናስተካክለዋለን» ካሉ ውሉ ውስጥ ይግባ። የደራሲ ስምም እንዲሁ ነው። የአባትን ስም አስቀድሞ የሚጽፍ ሲስተም የእኛን ደራሲዎች ሁሉ ይገለብጣቸዋል። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲሆንም የሚፈልግ ካለ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ስለ ሦስቱ ፕሮፎርማም አንድ ነገር ልበል። ሁላችንም ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስበን ዝቅተኛውን ዋጋ እንመርጣለን። (አንዳንዴ ሦስቱም ከአንድ ሰው እጅ እንደሚወጡ ሁላችንም እናውቃለን።) ለወንበር ግዢ ይሠራ ይሆናል። ለሶፍትዌር ግን የሁለተኛውና የሦስተኛው ዓመት ክፍያ፣ የአድሚን ፓስወርዱ ማን ጋ እንደሚሆን፣ ውሉ ሲቋረጥ መረጃው በምን መልክ እንደሚመለስ ፕሮፎርማው ላይ አይታይም። ዋጋ ሳታወዳድሩ በፊት እነዚህን በጽሑፍ አስመልሱ።

ቀድሞ ለተፈራረማችሁ፦ የማደሻ ክርክር ከመጀመራችሁ በፊት መግቢያው ክፍት ሳለ ፋይሉን አውጡ። ሰርቨሩ እናንተ ጋ ከሆነና ኮሃ በተለመደው መንገድ ዴቢያን በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ተጭኖ ከሆነ በየሌሊቱ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ራሱ ይሠራል። ግን እዚያው ማሽን ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ የቆየውንም ይሰርዘዋል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሃርድ ዲስኩ ከተቃጠለ ባክአፑም አብሮ ሄደ። በየሳምንቱ ወደ ፍላሽ ይገልበጥ፤ ፍላሹም ሌላ ክፍል ይቀመጥ።

ሻጮቹ «አሁን ወረቀቱን ጣሉት» ይላሉ። አትጣሉት። እኛ አሁን ኮሃን ራሳችን ጭነን መጻሕፍቱን እንደገና እያስገባን ያለነው ከድሮው የመጽሐፍ መዝገብ ደብተር ላይ ነው። የአንደኛ ደረጃው ክፍል አልቋል፤ የማጣቀሻዎቹ ይቀራሉ። ያው ድርጅት እናንተም ጋ መጥቶ ከሆነ ከስር ጻፉልኝ፤ የላካችሁትን የክፍያ መጠየቂያና ውል ከእኛው ጋር አስተያይቼ የሚመሳሰለውን እነግራችኋለሁ።