ዘጠኝ ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ ስምንት ወር

በእጅ የሚገጣጠመውን የሞዴል ባቡር ሳጥን ስከፍት ሎኮሞቲቭ (ፉርጎ የሚጎትተው ባቡር) አላገኘሁም። ያገኘሁት አንድ ቀጭን የናስ ዝርግ፣ ከቆርቆሮ ቅይጥ የተሠሩ ጭስ ማውጫና ጉልላት፣ ትንሽ ሞተር፣ አራት ጎማ፣ በጣት የማይያዙ ብሎኖች ነው። መመሪያው አራት ገጽ ነው። ሦስቱ ሥዕል ነው።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር ሆነ። ባቡሯ አሁን በ120 በ60 ሳንቲሜትር ጣውላ ላይ ትዞራለች፣ በሳምንት ሦስት አራት ቀን። የመጀመሪያው ሳምንት ሞቅታ ስላለፈልኝ ረጋ ብዬ ልናገር።

ልኳ 1 ለ76.2 ነው፣ ማለትም ከእውነተኛ ባቡር 76.2 ጊዜ ታንሳለች፤ የሐዲዷ ስፋት 9 ሚሊሜትር። ዘጠኙን በ76.2 ብታባዙት 686 ሚሊሜትር ይመጣል። በዌልስ ያለው የታሊሊን ባቡር ሐዲድ ስፋት ይኸው ነው። እዚያው ዌልስ ያለው የፌስቲኒዮግ ባቡር ሐዲድ ግን 597 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ በዚህ ልክ ሐዲዱ 8 እንኳ አይሞላም። ብዙ ሰው ይህን ልዩነት አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። ምክንያቱም የ1 ለ160 ባቡሮችም የሚሄዱት በ9 ሚሊሜትር ላይ ነው። ሐዲዱም፣ ጎማውም፣ ሞተሩም ተሠርቶ ይገኛል። የእኔዋ የማንም ቅጂ አይደለችም፤ የድንጋይ ካባ ሠራተኛ ናት ብዬ አስቤ ነው የሠራኋት።

ስለ አካሏ ክፉ አይወጣኝም። የናሱ ዝርግ ላይ የምስማር ራሶቹ ከጀርባ በነጥብ ተመልክተዋል። በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ስትጫኗቸው ከፊት እብጥ ይላሉ። ሁለት ምሽት ፈጀብኝ፣ አንገቴም ተቀጣ። ግን መብራት በጎን ሲያርፍባት፣ ከጣቴ ብዙ የማትበልጥ ነገር የብዙ ቶን ብረት ትመስላለች።

ብየዳው ላይ ተሸወድኩ። ናሱን የበየድኩበትን ካውያ ሙቀቱን ሳልቀንስ ወደ ጉልላቱ ወሰድኩት። እንደ ሻማ ተንጠባጠበ! የቆርቆሮ ቅይጥ በ70 ዲግሪ የሚቀልጥ ስታኞ (ቀልጦ የሚያያይዝ የብየዳ ብረት) ይፈልጋል፣ ሙቀቱ የሚስተካከል ካውያም ያስፈልገዋል። መመሪያው ስለዚህ አንድ ቃል አይልም። ሌላው ጥፋት የራሴ ነው፤ የብየዳውን አሲድ በደንብ አላጠብኩትም። በሦስተኛው ሳምንት ከቀለሙ ሥር አረንጓዴ ብቅ አለ። ልጬ እንደገና ቀባሁት።

ዋናው ችግር አረማመዷ ነው። ጎማዋ አራት ብቻ ነው፣ አክስሎቹም ዝንፍ አይሉም። ሐዲዱ ትንሽ ካዘነበለ አንዱ ጎማ አየር ላይ ይቀራል። መስመር መቀየሪያው ላይ ደግሞ ሐዲዶቹ የሚሻገሩበት ቦታ ፕላስቲክ ነበር። ኤሌክትሪክ የምታገኘው ከሐዲዱ በጎማዎቿ በኩል ነውና፣ እዚያ ስትደርስ ጸጥ። በትንሿ ጣቴ ገፋ፣ ሄደች። ዞራ መጣች፣ ጸጥ። ሁለት ወር ሙሉ እንግዳ ፊት እንዲህ አዋረደችኝ።

መፍትሔው ሁለት ነበር። መቀየሪያውን መሻገሪያው ብረት በሆነና ኤሌክትሪኩ አብሮ በሚገላበጥ ለወጥኩት። ከኋላዋ ደግሞ አንድ ፉርጎ ለዘለቄታው አያያዝኩ፤ ከጎማዎቹ በቀጭን ሽቦ ኤሌክትሪክ ይልክላታል። አሁን ስምንት ጎማ ነው የሚመግባት። ሐዲዱን በአይሶፕሮፒል አልኮል በረጠበ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ብርጭቆ ወረቀት አይነካውም፤ ጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ ይደበቃልና።

ሞተሩ እምብርቱ ብረት የሌለው ዓይነት ነው። ለስላሳ ነው፣ ግን ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥ ምት የሚልክ አሮጌ መቆጣጠሪያ አይስማማውም። በእኔው አሮጌ መቆጣጠሪያ እጅ እስኪያቃጥል ጋለ። ለስላሳ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ስተካለት አደብ ገዛ።

ክብደትም ትፈልጋለች፣ አለዚያ ሦስት ፉርጎ አትጎትትም። የውሃ ማጠራቀሚያዋ ውስጥ የእርሳስ ፍሬ ሞላሁ። ግን በኢፖክሲ ነው ያጣበቅኩት። በነጭ ሙጫ ያጣበቅኩበት የቀድሞ ሎኮሞቲቬ ከዓመታት በኋላ ቦይለሩ ተሰነጠቀ። እርሳሱ ከሙጫው አሲድ ጋር ተዋህዶ እያበጠ ይሄዳል።

ደግሜ እገዛታለሁ ወይ? አካሏን አዎ። ከሳጥኑ የመጣውን ሻሲ ግን እተወውና ስድስት ጎማ ያለው ሌላ እፈልጋለሁ። ለጀማሪ አልመክራትም፤ ተስፋ ታስቆርጣለች።

አንድ መለኪያ አለኝ። በ25 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄድ እውነተኛ ባቡር በዚህ ልክ አንድ ሜትር በ11 ሰከንድ ገደማ ይጨርሳል። በመጀመሪያው ቀን ከዚያ ቀስ በይ ብላት አልቻለችም፤ ወይ ትቆማለች ወይ በ6 ሰከንድ ትበርራለች። ትናንት ማታ በ14 ሰከንድ ጨረሰችው፣ መቀየሪያውን አልፋ፣ አምስት ፉርጎ ጎትታ። ጣቴን አዘጋጅቼ ነበር፤ አላስፈለገም።