የውጭ ፓስፖርት ይዞ ጎጃም መታመም፦ ሆስፒታሎቹና የጤና መድኖቹ ሲመዘኑ

ትውልደ ኢትዮጵያዊም ይሁን ሌላ፣ የውጭ ፓስፖርት ይዞ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ የሚኖር ሰው የጤና መድን ሲገዛ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በክፍያው ጣሪያ ላይ ነው። «እስከ አንድ ሚሊዮን ዶላር» የሚለው ቁጥር ልብ ያሳርፋል። ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ግን የሚጠየቀው ብር ነው፤ አልጋ ለመያዝ ደግሞ የግል ሆስፒታሎች ማስያዣ ይቀበላሉ። እዚህ አገር መድን የሚፈተነው በሁለት ጥያቄ ነው፦ አማራ ክልልን ይሸፍናል ወይ? ሆስፒታሉን ራሱ ይከፍላል ወይስ ከፍላችሁ ደረሰኝ ስትልኩ ይመልሳል?

የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ሰው ያሳስታል። በክልሉ በተነሣው ጦርነት ሳቢያ ከ2015 ክረምት ወዲህ በርካታ የምዕራብ መንግሥታት ዜጎቻቸው ወደ አማራ ክልል እንዳይጓዙ አሳስበዋል። ብዙ የጉዞ መድን ውሎች ደግሞ መንግሥት «አትሂዱ» ባለው ቦታ ለደረሰ ነገር አንከፍልም የሚል አንቀጽ አላቸው። ትርፍ አንጀት ከጦርነት ጋር ምን አገናኘው ቢባል አንቀጹ አይለይም። የተሻሉት ውሎች የሚያስቀሩት በጦርነቱ ሳቢያ የደረሰ ጉዳትን ብቻ ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት በኢሜይል፣ ከተማችሁን በስም ጠርታችሁ ጠይቁ፦ «ነዋሪነቴ ባሕር ዳር ነው፤ የጉዞ ማሳሰቢያው ተራ ሕመምን ከሽፋን ያስወጣል ወይ?» በስልክ የተሰጠ «ችግር የለም» ኋላ ላይ ዋጋ የለውም፤ መልሱ በጽሑፍ ይሁን። ሌላው ስሕተት የጉዞ መድንን እንደ ነዋሪ መድን መያዝ ነው። የጉዞ መድን ቤታችሁ ውጭ አገር እንደሆነ አድርጎ ስለሚያስብ ድንገተኛውን አክሞ ወደዚያ መመለስ ነው ዓላማው፤ የስኳር ወይም የደም ግፊት ክትትል የእሱ ሥራ አይደለም።

ወደ ሆስፒታሎቹ እንምጣ። ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትና የዩኒቨርሲቲው ጥበበ ግዮን፣ ምሥራቅ ጎጃም ላይ ደብረ ማርቆስ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች ናቸው። ፍኖተ ሰላም አጠቃላይ ሆስፒታል አለው፤ እንደ ቡሬ፣ ዳንግላና ቢቸና ባሉት ከተሞች የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች አሉ። ከግሉ ጋምቢና አዲናስ ባሕር ዳር ውስጥ ይታወቃሉ። ለጉንፋን፣ ለወባ፣ ለላቦራቶሪና ለአልትራሳውንድ የግሉ ይሻላል፤ ወረፋው አጭር ነው፣ ወረቀቱም ቶሎ ይሠራል። ለከባድ ጉዳት፣ ለተወሳሰበ ወሊድና ለትልቅ ቀዶ ሕክምና ግን ትልቁን የመንግሥት ሆስፒታል መምረጥ ይበጃል፤ ሌሊት ተረኛ ሐኪም፣ ማደንዘዣ ሰጪና ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም) በአንድ ግቢ የሚገኙት እዚያ ነው። ያማረ የእንግዳ መቀበያ አያታልላችሁ። ብዙ ስፔሻሊስቶች ቀን በመንግሥት፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ በግል ይሠራሉ፤ ስለዚህ የግሉን ስትመርጡ የሚጠየቀው «የልብ ሐኪም አላችሁ ወይ?» ሳይሆን «በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ይገባል?» ነው። «በሦስት ሰዓት» ከተባላችሁ በእኛው ሰዓት መሆኑን ለፈረንጁ ባለቤታችሁ ንገሩ።

አሁን ብር ወደሚጠፋበት ቦታ። ከፍሎ ማስመለስ ላይ ያለ መድን ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በሕክምናው ሳይሆን በወረቀቱ ነው። ደረሰኝ ላይ በእጅ 12/4/2017 ተብሎ ይጻፋል፤ ለእኛ ታኅሣሥ 12 ነው። ለንደን ወይም ዱባይ ያለው የካሳ ሠራተኛ ግን በእነሱ 2017 ኤፕሪል 12 ብሎ ያነበዋል፤ ውሉ ከመፈረሙ ከዓመታት በፊት የታከማችሁ ትሆኑና ፋይሉ ይዘጋል። ከመስኮቱ ሳትነሡ የፈረንጁን ቀን ጎን ለጎን አስጽፋችሁ ማኅተም አስደርጉ። ስምም እንዲሁ ነው፤ ካርድ ክፍል የሚመዘግበው ስም፣ አባት፣ አያት ነው፤ በፓስፖርቱ ላይ ግን የቤተሰብ ስም አለ። ፓስፖርቱን አቅርባችሁ ፊደል በፊደል አስገልብጡ፤ በቃል የተነገረ ስም በካርዱ፣ በላቦራቶሪውና በመድኃኒት ማዘዣው ላይ ሦስት ዓይነት ሆኖ ይወጣል።

የመንግሥት ሆስፒታል ደረሰኝ አንድ ድምር ብቻ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ መድኑ ግን የአልጋውን፣ የላቦራቶሪውን፣ የመድኃኒቱን ዋጋ ለየብቻ ይፈልጋል። ዝርዝሩን ከሒሳብ ክፍል በማኅተም ጠይቁ። የግሉ የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ጽሑፉ ሲቆይ ይደበዝዛል፤ የዚያኑ ዕለት ፎቶ አንሡት። «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ስትባሉ የማዘዣውን ቅጂ አስቀሩ፤ መድኃኒት ቤቱ ዋናውን ይወስደዋልና። ሐኪሙ ማጠቃለያውን በእንግሊዝኛ ስለሚጽፍ ቋንቋው ችግር የለውም፤ ችግሩ ምሕጻሩ ነው፤ የበሽታው ስም በሙሉ ይጻፍ በሉ። በአንድ የዊዳል ምርመራ (የታይፎይድ የደም ምርመራ) ብቻ «ታይፎይድ ነው» የተባለ ወረቀት ደግሞ የመድኑን ሐኪም ሁልጊዜ አያሳምንም፤ በእውነቱ ምርመራው ብቻውን አይታመንም።

የምንዛሬውንም ነገር ጠይቁ፦ የሚሰላው በታከማችሁበት ቀን ነው ወይስ ክፍያው በጸደቀበት? ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 አልፏል። በ57 ከፍሎ በ100 የተሰላለት ሰው በዶላር ሲታይ ከ40 በመቶ በላይ አጣ። በስልክ መተግበሪያ ብቻ ማመልከቻ የሚቀበል መድንም እዚህ አይመችም፤ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አይረሳም። በኢሜይልም በፖስታም የሚቀበለውን ምረጡ።

አገር ቤት ላሉ እናት አባት ከሆነ የምትፈልጉት፣ ጥሩው ግዢ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። ሙከራው በ2003 ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የእኛው ደቡብ አቸፈር ነበር። የሚገዛው በቀበሌ፣ በቤተሰብ ደረጃ፣ በዓመት አንዴ ነው፤ ምዝገባው ብዙ ቦታ እህል ከገባ በኋላ ይደረጋል፣ ወቅቱ ካለፈ ዓመት መጠበቅ ሊመጣ ይችላል። ዕድሜያቸው ከ18 በላይ የሆነ ጥገኞች ተጨማሪ ይከፈልባቸዋል። መንገዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምርና በሪፈር ወረቀት ወደ ላይ ይወጣል፤ ደረጃ ዘሎ በቀጥታ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሄደ ከኪሱ ይከፍላል። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የውጭ አገር ሕክምና አይሸፈኑም። ደካማ ጎኑ የመድኃኒት እጥረቱ ነው። የመድኑ ደብተር እያለ መድኃኒቱ ከግል ይገዛል፤ ለዚያ የምትልኩት ብር ከመድኑ መዋጮ ሊበልጥ ስለሚችል አስቀድማችሁ አስቡት። የአገር ውስጥ መድን ድርጅቶች የሕክምና ሽፋን በአብዛኛው ለድርጅት ሠራተኞች በቡድን የተዘጋጀ ነው፤ ለብቻችሁ ከመሯሯጥ ቀጣሪያችሁን ጠይቁ።

የመጨረሻው ማመላለሻው ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ በመኪና 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መሐል ላይ የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት አለ፤ መንገዱም ክፍት ላይሆን ይችላል። ከባሕር ዳር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ነገር ግን ተኝቶ የሚሄድ ሕመምተኛ ሐኪም የሞላው የመብረር ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ በዚያው ቀን ላይሳካም ይችላል። ውሉ ላይ «በአቅራቢያ ወዳለ ተስማሚ ሆስፒታል» የሚል ካለ፣ አዲስ አበባ ነው ወይስ ናይሮቢ? የሚወስነውስ ማነው፣ እዚህ ያለው ሐኪም ወይስ የእነሱ? መድኑ አስቀድሞ ሳይፈቅድ የተከራያችሁትን አምቡላንስ ላይከፍል ይችላልና የ24 ሰዓት ቁጥራቸውን አስታማሚያችሁም ይያዘው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ደማችሁ ኔጌቲቭ ከሆነ ደግሞ የደም ዓይነታችሁን ጽፋችሁ ፓስፖርቱ ውስጥ አኑሩ፤ ኔጌቲቭ ደም እዚህ ከአውሮፓ ያነሰ ነው፣ ለጋሽ ለመፈለግ የምታገኙት እያንዳንዱ ሰዓት ይጠቅማል።